ከአጥር ጥግ እስከ ፋብሪካ፦ የጉሎ ምርት ታሪክ በዝናብ አጠር አካባቢዎች

ጉሎን የማያውቅ ገበሬ የለም። በአጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳር፣ በአመድ መድፊያና በፈረሰ ቤት ላይ ማንም ሳይዘራው በቅሎ ይገኛል። በትግርኛ ጉልዒ፣ በኦሮምኛ ቆቦ ይባላል። እናቶች ፍሬውን ቆልተውና ወቅጠው ምጣድ ያስሱበታል። ቆዳ ፋቂ ቆዳ ያለፋበታል። ገበሬውም ጠፍሩና ምራኑ በፀሐይ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይቀባዋል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ አገልግሎት የሚሰጥ ተክል በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ማሳ ተለይቶለት አያውቅም።

በሌላ በኩል ይኸው ተክል በህንድ አገር ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ይመረታል። ዘይቱም በመርከብ ተጭኖ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ቻይናና ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ከእኛው አካባቢ የተገኘ ተክል በሌላው አገር የገንዘብ ምንጭ ሲሆን እዚህ የአጥር ጥግ አረም ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው? በአገራችንም በስፋት እንዲመረት የተደረጉት ሙከራዎች ውጤታቸው ምን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ታሪክ በአጭሩ ማስቃኘትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከታሪኩ ምን ሊማሩ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

የተክሉ መገኛና ጥንታዊ አገልግሎቱ

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአገሪቱን የሰብል ዝርያዎች ሰብስቦ ነበር። ይህ ሊቅ የሰብል ዝርያ ብዝኃነት ማዕከል ናቸው ካላቸው ጥቂት የዓለም አካባቢዎች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ከጤፍ፣ ከኑግና ከቡና ጋር ጉሎም በዚሁ ይመደባል። በእርግጥም በአገራችን የሚገኘውን ጉሎ ያስተዋለ ሰው ልዩነቱን ለማየት አይቸገርም። ግንዱ ቀይ የሆነ አለ፣ አረንጓዴ የሆነ አለ። ፍሬው ትልቅ፣ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቀይ ወይም ቡራቡሬ ይሆናል። ቁመቱም ከሰው ወገብ የማያልፍ እንዳለ ሁሉ እንደ ዛፍ የሚያድግም አለ። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ሪሲነስ» ብሎታል። ትርጉሙ በላቲን ቋንቋ መዥገር ማለት ነው። ደም ጠጥቶ ያበጠ መዥገርና የጉሎ ፍሬ እንደሚመሳሰሉ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል።

የጉሎ ዘይት በጽሑፍ የሚታወቀው ታሪኩ ከግብፅ ይጀምራል። ፍሬው በጥንታዊ ግብፃውያን መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የተባለው የሕክምና ጽሑፍም ጉሎን ለመድኃኒትነት ይጠቅሰዋል። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ግብፃውያን «ኪኪ» የሚሉትን የጉሎ ዘይት ለመብራት እንደሚጠቀሙበት ጽፏል። በመጽሐፍ ቅዱስ የዮናስን ራስ ከፀሐይ ያስጠለለችውና በአማርኛው ቅል ተብላ የተተረጎመችው ተክል በዕብራይስጡ «ቂቃዮን» ትባላለች፤ ብዙ ሊቃውንት ይህች ተክል ጉሎ ነበረች ይላሉ።

ለኅብረት ሥራ አባላት ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ግን ሌላ የግብፅ ሰነድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ259 ግብፅን ይገዛ የነበረው ዳግማዊ ጶጦሌሚ ስለ ዘይት እህሎች ሕግ አውጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት በየአውራጃው ምን ያህል መሬት ሰሊጥና ጉሎ እንደሚዘራ የሚወስነው መንግሥት ነበር። ገበሬው ያመረተውን ከተፈቀደለት ገዥ በቀር ለማንም መሸጥ አይችልም ነበር። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ሲሆን፣ ዘይቱን መጭመቅም የሚቻለው በመንግሥት መጭመቂያ ብቻ ነበር። ጉሎ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊትም ቢሆን ገዥው አንድ፣ ሻጩ ብዙ የሆነ ሰብል እንደነበረ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። ጤፍ ወይም በቆሎ ገበያ ቢያጣ ቤት ውስጥ ይበላል። ጉሎ ግን አይበላም። ስለዚህ ገዥው ከጠፋ ወይም ዋጋ ከሰበረ ምርቱ በገበሬው እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ነጥብ ቀጥሎ በሚቀርበው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል።

ዘይቱ ለምን ተፈለገ?

የጉሎ ፍሬ እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ከ40 እስከ 55 በመቶ ዘይት ይሰጣል። ይህ ዘይት ከሌሎች የዕፅዋት ዘይቶች ሁሉ የተለየ ነው። ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ክፍሉ ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህን ንጥረ ነገር በዚህ መጠን የያዘ ሌላ በስፋት የሚመረት ሰብል የለም። በዚህም ምክንያት ዘይቱ ወፍራም ነው፤ በሙቀት ቶሎ አይቀጥንም፣ በአልኮል ይሟሟል፣ ከቤንዚን ጋር ግን በቀላሉ አይዋሃድም።

ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ጉሎን ከመብራትና ከመድኃኒት አውጥቶ ወደ ኢንዱስትሪ አስገባው። አውሮፕላን ገና ሲጀመር የነበሩት ሞተሮች ቅባቱ በቤንዚን ታጥቦ ስለሚሄድባቸው ይቸገሩ ነበር። የጉሎ ዘይት ግን አይታጠብም። ዛሬ በየጋራዡና በየነዳጅ ማደያው የሚታወቀው ካስትሮል የተባለው የሞተር ዘይት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን፣ «ካስተር» ከሚለው የጉሎ የእንግሊዝኛ መጠሪያ የተወሰደ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የአውሮፕላን ብዛት ስለጨመረ የጉሎ ዘይት የጦር ዕቃ ሆነ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ግዛቶቹ ገበሬዎች ጉሎ በስፋት እንዲዘሩ አደረገ። ሆኖም በፍሎሪዳና በአካባቢው ያለው እርጥበት ግራጫ ሻጋታ የተባለ በሽታ አስከተለ። በሽታው ዘለላውን በአበባውና በለጋ ፍሬው ላይ ሳለ እያበሰበሰ ብዙ ማሳ አጠፋ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል። ጉሎ ዝናብ በሚበዛበትና ጉም በማይለየው አካባቢ ቅጠሉ ቢያምርም ፍሬው አያስተማምንም። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅን የመቋቋም ኃይል አለው፤ በመሆኑም ተስማሚ ቦታው ሞቃታማና ዝናብ አጠር የሆነው አካባቢ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የማዕድን ዘይት እየተሻሻለ ሲሄድ ጉሎ ከሞተር ውስጥ ወጣ። ግን ሥራ አላጣም። በ1940ዎቹ የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከጉሎ ዘይት ናይለን 11 የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ማምረት ቻሉ። ይህ ፕላስቲክ እስከ ዛሬ ለመኪና የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ያገለግላል። ከዚህ ሌላ ዘይቱ ለቀለም፣ ለቫርኒሽ፣ ለግሪስ፣ ለሳሙና፣ ለመዋቢያ ቅባቶችና ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ግብዓት ነው። የጉሎ ዘይት ተፈላጊነት የሚመነጨው እንግዲህ ከኬሚካል ፋብሪካዎች ነው። ይህንን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ኋላ ላይ ብዙዎች ጉሎን የነዳጅ ሰብል አድርገው በማየታቸው ዋጋ ከፍለውበታል።

ጉጃራት፦ ዘር፣ ውሃና ገበያ

በዓለም ላይ ከሚመረተው ጉሎ አብዛኛው የሚገኘው ከህንድ ነው። ከህንድም ምርት ውስጥ አብዛኛው የሚሰበሰበው ጉጃራት ከተባለው ምዕራባዊ ግዛት፣ በተለይም ከመህሳና፣ ከባናስካንታና ከኩች አካባቢዎች ነው። እነዚህ አካባቢዎች ደረቅና አሸዋማ ናቸው። ዝናባቸው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚጥል ሲሆን እሱም አስተማማኝ አይደለም።

የጉጃራት ገበሬ ጉሎን ከጥንት ጀምሮ ይዘራ ነበር። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በዚህ ዓመት የጉጃራት ተመራማሪዎች ጂ.ሲ.ኤች 3 የተባለውን ድቅል የጉሎ ዝርያ ለገበሬው አሠራጩ። በዓለም ላይ ለገበያ ከዋሉ ድቅል የጉሎ ዝርያዎችም ቀዳሚው እሱ ነው። የሥራው መንገድ እንደሚከተለው ነበር። በተለመደው ጉሎ ዘለላ ላይ ሴቴ አበቦች ከላይ፣ ወንዴ አበቦች ከታች ይገኛሉ። ከአሜሪካ ቴክሳስ ከመጣ ዘር የተመረጠ አንድ መስመር ግን ከሞላ ጎደል ሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ይህንን ከሌላ መስመር ጋር አጠገብ ለአጠገብ በመዝራት ድቅል ዘር በብዛት ማምረት ተቻለ። ከዚያ በኋላም ሥራው አልቆመም። ጂ.ሲ.ኤች 4 እ.ኤ.አ. በ1986፣ ጂ.ሲ.ኤች 7 ደግሞ በ2006 ወጡ። የእነዚህ ዋና ጥቅም አጠውላጊ የሚባለውን የሥር በሽታ መቋቋማቸው ነው። አንድ ዝርያ በበሽታ ሲሸነፍ ሌላ መተኪያ ዘር ይዞ የሚጠብቅ የምርምር ጣቢያ በቅርብ መኖሩ ለገበሬው ትልቅ ዋስትና ሆኖታል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። የጉጃራት ጉሎ በደረቅ አካባቢ ይመረት እንጂ በዝናብ ብቻ አይመረትም። ገበሬው በክረምቱ ዝናብ ይዘራል፤ ዝናቡ ሲያቆም ከጉድጓድ ውሃ በሞተር እየሳበ ደጋግሞ ያጠጣል። ዘለላው በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ከታኅሣሥ ወር አካባቢ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በየተራ ይለቅማል። በዚህ ሁኔታ በሄክታር 20 ኩንታል ያህል ያገኛል። ውሃው ግን ያለ ዕዳ አልመጣም። በሰሜን ጉጃራት የከርሰ ምድር ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄዶ ጉድጓዶች ከመቶ ሜትር በላይ የሚቆፈሩበት ጊዜ መጥቷል። ስለሆነም «ጉሎ ውሃ አይፈልግም፣ ህንዶችን ተመልከቱ» የሚለው አባባል የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ገበያው ነው። በጉጃራት በየወረዳው በሕግ የተቋቋመ የግብርና ምርት ገበያ አለ። ገበሬው ጉሎውን በጆንያ ሞልቶ ሲያመጣ ነጋዴዎች በግልጽ ጨረታ ይወዳደሩበታል። መጭመቂያ ፋብሪካዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው፤ ወደ ውጭ የሚላክበት የካንድላ ወደብም በዚያው ግዛት ነው። ፍሬው በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ ስለማይበላሽ ዋጋ ሲወርድ ማቆየት ይቻላል። ለማቆየት ግን ሌላ ገቢ ያስፈልጋል። በመህሳና እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ጥዋትና ማታ ወተት አስረክቦ በየጊዜው የሚከፈለው ገበሬ ጉሎውን በተሰበሰበበት ሳምንት ለመሸጥ አይገደድም።

ይህም ሆኖ የዋጋ መዋዠቅ ጉጃራትንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የጉሎ ዋጋ ክፉኛ በመውረዱ የህንድ የምርት ገበያ የጉሎን የወደፊት ግብይት እስከማገድ ደርሷል። ብዙ ገዥ ባለበት እንዲህ ከሆነ አንድ ገዥ ብቻ ባለበት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፦ የነዳጅ ተስፋና የገበሬው ማሳ

የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ክፍል በድርቅ የሚታወቅ፣ ድሃና አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች የሚኖሩበት አካባቢ ነው። እዚያም ጉሎ «ማሞና» ይባላል። ባህያ በተባለው ግዛት ገበሬዎች ጉሎን ከቦሎቄና ከበቆሎ ጋር አሰባጥረው መዝራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ድርቅ ሲመጣ ቦሎቄው ቢጠፋ ጉሎው ይተርፋል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሁለቱም ይሰበሰባሉ። የአገሪቱ የግብርና ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚህ አካባቢ የሚስማማ ቢ.አር.ኤስ ኖርደስቲና የተባለ ዝርያ አውጥቷል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የብራዚል መንግሥት ብሔራዊ የባዮዲዝል ፕሮግራም አወጀ። በጥር 2005 በወጣው ሕግም ናፍጣ በሙሉ 2 በመቶ ባዮዲዝል ይቀላቀልበታል ተባለ። ፕሮግራሙ ለገበሬው በጎ ሐሳብ የያዘ ነበር። ከአነስተኛ ገበሬዎች የተወሰነ ድርሻ ጥሬ ዕቃ የሚገዛ ኩባንያ የማኅበራዊ ነዳጅ ማኅተም የተባለ ዕውቅናና የግብር ቅናሽ ያገኛል። በሰሜን ምሥራቅ ከሚገኙ አነስተኛ ገበሬዎች ጉሎ የሚገዛ ደግሞ ከፌዴራል ግብር ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል። ፒያዊ በተባለው ግዛት አንድ ኩባንያ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን አስፍሮ የጉሎ እርሻ ጀመረ፤ የአገሪቱም ፕሬዝዳንት እ.ኤ.አ. በ2005 ሄደው ጎበኙት።

ተስፋው ብዙም አልቆየም። የመጀመሪያው ችግር የምርት ነበር። በዝናብ ብቻ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ብዙውን ጊዜም ከገበያ በተገዛ ተራ ፍሬ የሚዘራው የሰሜን ምሥራቅ ጉሎ የሚሰጠው በሄክታር ከ5 እስከ 7 ኩንታል የማይበልጥ ነበር። ሁለተኛው የዘይቱ ጠባይ ነበር። ለሞተር ቅባትነት የጠቀመው ውፍረቱ ለነዳጅነት እንቅፋት ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የባዮዲዝል ደረጃ የውፍረት ጣሪያ ስላስቀመጠ ንጹሕ የጉሎ ባዮዲዝል ደረጃውን ማለፍ አልቻለም፤ ከሌላ ዘይት ጋር በጥቂቱ መቀላቀል ብቻ ሆነ ዕድሉ። ሦስተኛውና ዋናው ችግር የዋጋ ነው። የኬሚካል ፋብሪካዎች ለጉሎ ዘይት የሚከፍሉት ዋጋ ከባዮዲዝል ዋጋ ይበልጣል። በመሆኑም ኩባንያዎቹ የግብር ቅናሹን ለማግኘት ጉሎ ከገበሬው ይገዛሉ፤ የገዙትን ግን ለኬሚካል ፋብሪካ መልሰው ይሸጡና ባዮዲዝሉን ከአኩሪ አተር ይሠራሉ። በስተመጨረሻ የብራዚል ባዮዲዝል በአብዛኛው የአኩሪ አተር ሆነ። በፒያዊ የተጀመረው የሰፈራ እርሻም የተጠበቀውን ሳይሰጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የደረሰው ከባድ ድርቅ ደግሞ የቀረውን የጉሎ ምርት ክፉኛ አሽቆለቆለው።

ከዚህ ውስጥ ግን በጎ ነገርም አለ። በባህያ ጉሎን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥረው የሚዘሩት የቆዩ ገበሬዎች ፕሮግራሙ ከመምጣቱ በፊት ነበሩ፤ ከተዳከመም በኋላ ጉሎ መዝራታቸውን አልተዉም። ምክንያቱም እነሱ ኑሯቸውን በሙሉ በጉሎ ላይ አልጣሉም።

ሐረርጌና ወላይታ፦ የእኛው ሙከራ

በአገራችን ጉሎ ከዘይት እህሎች ጋር ተመድቦ ቢቆይም ኢንዱስትሪያዊ ሰብል ይሁን ተብሎ በስፋት የተነሳው የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ጃትሮፋ፣ ጉሎና የዘንባባ ዘይት በስትራቴጂው ተጠቀሱ። የውጭ ኩባንያዎችም መሬት ጠይቀው ገቡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር ደርሶ ነበር።

በምሥራቅ ሐረርጌ በፈዲስና በአካባቢው አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ ሰፊ መሬት ተረከበ፤ ከገበሬዎችም ጋር ውል ገባ። የተመነጠረው መሬት የተወሰነ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ሆኖ በመገኘቱ ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ኩባንያው በገንዘብ እጥረት ተሽመደመደና ሥራው ቆመ። የቀረው የተመነጠረ መሬትና ገዥ ያጣ ሰብል ነበር።

በወላይታ የተደረገው ሙከራ መንገዱ የተለየ ነበር። እዚያ የገባው ኩባንያ ሰፊ መሬት ከመያዝ ይልቅ በአብዛኛው ከገበሬዎች ጋር በውል ለመሥራት መረጠ። ኩባንያው ዘር፣ ማዳበሪያና ምክር በብድር ያቀርባል፤ ገበሬው ከማሳው ከፍሎ ጉሎ ይዘራል፤ ፍሬው ሲደርስ ብድሩ ተቀንሶ ይከፈለዋል። የወላይታ ገበሬ የመሬት ይዞታ በጣም ጠባብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙው ከግማሽ ሄክታር አያልፍም። ውሉ በተጀመረበት በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቀርቶ በአካባቢው ረሃብ ገባ። ለጉሎ መሬት ከፍለው የሰጡ፣ ፍሬው ሳይደርስ የሚበላ ያጡ፣ ክፍያ ዘገየብን ብለውም አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። በዚህ የተነሳ ጉሎ ረሃብ አመጣ የሚል ወቀሳ በሰፊው ተሰማ።

ነገር ግን ፍርዱ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። በዚሁ በወላይታ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከውሉ ውስጥ የገቡ ቤተሰቦች የሚበላ የሚያጡባቸው ወራት ካልገቡት እንዳጠረላቸው አሳይቷል። ምክንያቱም ለጉሎ ተብሎ በብድር የመጣው ማዳበሪያ ለእህል ማሳውም ስለተረፈ ነው። ገበሬው ሙሉ ማሳውን ሳይሆን ከማሳው ጥቂቱን ብቻ ለጉሎ መስጠቱም ጠቅሞታል። በመሆኑም ጥያቄው ጉሎ ይዘራ ወይስ አይዘራ የሚለው ብቻ አይደለም። በየትኛው መሬት ላይ፣ ምን ያህል፣ በምን ዓይነት ውልና ከማን ጋር የሚለው ነው።

የነዳጅ ዋጋ በ2008 መጨረሻ ላይ በበርሜል ከ40 ዶላር በታች ሲወርድ የባዮፊውሉ ግርግርም አብሮ ቀዘቀዘ። የምርምሩ ሥራ ግን አልቆመም። የአገራችን የግብርና ምርምር ሂሩይና አባሮ የተባሉ የጉሎ ዝርያዎችን አውጥቷል። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የኤሪ ሐር ትልን በጉሎ ቅጠል የመመገብ ሥራ ሲሠራበት ቆይቷል። ትሉ ቅጠሉን ይበላል፣ ገበሬው ፍሬውን ይሰበስባል፤ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ከተቀነጠበ ግን ፍሬው ስለሚቀንስ መመጠን ያስፈልጋል።

ጉዳዩም ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የጣሊያን የነዳጅ ኩባንያ በጎረቤት ኬንያ፣ ማኩዌኒ በተባለው ዝናብ አጠር አካባቢ የዘይት መጭመቂያ ከፍቶ ጉሎን ጨምሮ የዘይት ፍሬዎችን ከገበሬዎች መግዛት ጀምሯል፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ዘይት ወደ ጣሊያን ልኳል። እንዲህ ያለ ገዥ ነገ ወደ እኛም ወረዳ አይመጣም ብሎ መናገር አይቻልም።

ከታሪኩ ምን ይወሰዳል?

በአገራችን የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እየተስፋፉ የመጡት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ነው። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። የሐረርጌውና የወላይታው ሙከራ በተካሄደበት ጊዜ ዩኒየኖች በአገሪቱ ነበሩ። ሆኖም በእነዚያ ሙከራዎች ውሉ በአመዛኙ በኩባንያውና በተናጠል ገበሬው መካከል ነበር። አንድ ሩብ ሄክታር ጉሎ የዘራ ገበሬ ደግሞ ከኩባንያ ጋር ተከራክሮ የሚያሸንፍበት ጉልበት የለውም። ስለዚህ የጉሎ ሐሳብ ወደ አንድ ዩኒየን ሲመጣ ከላይ ከቀረበው ታሪክ በመነሳት የሚከተሉትን ማጤን ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ ገዥው ጉሎውን ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለነዳጅ ከሆነ ዋጋው የነዳጅን ዋጋ ተከትሎ ይወድቃል። ለኬሚካል፣ ለቀለም ወይም ለሳሙና ፋብሪካ ከሆነ የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ከአንድ በላይ ገዥ መኖሩም ሳይረጋገጥ ዘር ለአባላት መታደል የለበትም።

ሁለተኛ፣ የክፍያ ጊዜ ከዋጋ እኩል በውል ውስጥ በግልጽ መስፈር አለበት። ከተቻለ ከፊሉ ገንዘብ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት በባንክ እንዲያዝ ማድረግ ይመረጣል። ጉሎ ዘለላው በየተራ የሚደርስ ሰብል እንደመሆኑ ርክክቡና ክፍያውም በየተራ ቢሆን ገበሬው መሐል ላይ አይቸገርም።

ሦስተኛ፣ የምግብ እህል መሬት መነካት የለበትም። ጠባብ ይዞታ ባለበት አካባቢ የጉሎ ቦታው ድንበር፣ እርከን፣ ቦረቦር ዳርና የተጎዳ መሬት ነው። በማሳ ላይ ከተዘራም እንደ ባህያ ገበሬዎች ከቦሎቄ ጋር ማሰባጠር ይሻላል። በአንጻሩ ከተጎዳ መሬት ላይ የጉጃራትን 20 ኩንታል መጠበቅ ራስን ማታለል ነው፤ ያ ምርት የድቅል ዘር፣ የማዳበሪያና የመስኖ ውጤት ነው።

አራተኛ፣ ዘሩ የታወቀ መሆን አለበት። ከአጥር ጥግ የተለቀመ ፍሬ ቁመቱም፣ የሚደርስበት ጊዜም፣ የዘይት መጠኑም የተለያየ ነው። አንዳንዱም ፍሬው እንደደረቀ ራሱ እየፈነዳ ማሳ ላይ ይበተናል።

አምስተኛ፣ መርዛማነቱ ሊዘነጋ አይገባም። ጥሬው የጉሎ ፍሬ ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለው። መርዙ ሲጨመቅ ወደ ዘይቱ አይገባም፤ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። የኑግ ፋጉሎ ለከብት መስጠት የለመደ ገበሬ የጉሎውንም እንዳይሰጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ፋጉሎው ለመሬት ማዳበሪያ ይውላል፤ ህንዶችም የሚጠቀሙበት ለዚሁ ነው። በመጋዘን ውስጥም ጉሎ ከምግብ እህል ጋር በአንድ ክፍል መከማቸት የለበትም። ጉሎ የተያዘበት ጆንያም ለጤፍ ወይም ለስንዴ አይውልም። ልጆችም ቡራቡሬውን ፍሬ መጫወቻ እንዳያደርጉት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ ከፍሬ ሽያጭ ባሻገር መመልከት ይጠቅማል። በጉጃራት ገበሬውን የጠቀመው መጭመቂያው በቅርብ መኖሩ ነው። አንድ ዩኒየን ብቻውን ፋብሪካ ማቆም ባይችል እንኳ በአጎራባች ዞኖች ያሉ ዩኒየኖች ተባብረው አነስተኛ መጭመቂያ ቢተክሉ ለአገር ውስጥ የሳሙናና የቆዳ ፋብሪካዎች ዘይት ማቅረብ ይችላሉ። ፋጉሎውም ለአባላት ማሳ ይመለሳል።

በጠቅላላው ጉሎ ድርቅን ይቋቋማል፤ ነገር ግን በዝናብ አጠር አካባቢ የሚኖር ገበሬ የሚቸገረው በድርቅ ብቻ ሳይሆን በገበያም ጭምር ነው። የተክሉን ጥንካሬ በምርምር ማዕከላት በኩል የበለጠ ማሻሻል ይቻላል። የገበያውን ድክመት ግን ማሻሻል የሚቻለው ገበሬዎች በማኅበራቸው አማካይነት በአንድ ድምፅ ሲደራደሩ ነው። በመሆኑም የጉሎ ውል ይዞ የሚመጣ ማንኛውም ድርጅት አስቀድሞ ከመሠረታዊ ማኅበራትና ከዩኒየን ጋር እንዲነጋገር፣ ውሉም ከመፈረሙ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አባላት በሚገባቸው ቋንቋ ተነብቦ ውይይት እንዲደረግበት ማድረግ የየማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ ኃላፊነት ነው።